ፍልሰታ በኩስኮ

ጓደኛዬ “ወሎዬዋም አብራን ብትመጣስ?” ያለችኝ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ሁለታችን በምንጋራው አፓርታማ፣ እሷ ለማታ ፈረቃ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረች፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፔ ላይ የኩስኮ አካባቢ መንደሮችን ካርታ እያየሁ ሳለ ነው። ሰው የምሩን ፈቃድ ሲጠይቅህ ዓይን ዓይንህን ያያል፤ ያለቀ ነገር ሲነግርህ ጫማውን ያያል። እሷ ጫማዋን ነበር የምታየው።

“ትምጣ እንጂ” አልኩ። “ደስ ይላል።”

“አውቄያለሁ! ‘እሷ ምንም አትልም’ ብያት ነበር እኮ” አለችና ግንባሬን ሳም አድርጋኝ ወጣች።

እንግዲህ ወሎዬዋ ከእኔ በፊት ሰምታለች ማለት ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ካርታውን ለረጅም ጊዜ ሳየው ቆየሁ፤ አንዱንም መንደር ግን አላየሁም።

የፔሩን ጉዞ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለክሬዲት ብዬ የወሰድኩት የደቡብ አሜሪካ ታሪክ ኮርስ ነበር፤ እዚያ ያየሁት አንድ የድንጋይ ግንብ ፎቶግራፍ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ትላልቅ ድንጋዮች ያለ ምንም ማያያዣ፣ እንደ ተቃቀፉ ሰዎች ተጣብቀው ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ኤደን ፕሬሪ ወዳለው ቢሮዬ ስነዳ መኪና ውስጥ የስፓኒሽ ትምህርት እሰማ ነበር። ቀኑን የመረጥኩ፣ ትኬቱን ቡክ ያደረግኩ፣ በግቢው መሃል ዛፍ ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ፈልጌ ያገኘሁ እኔ ነኝ። ጉዞው ለሁለት ሰው ነበር።

ሌላም ነገር አስቤበት ነበር። የቤታችን ኪራይ ውል መስከረም መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሌላ ጊዜ ሳንነጋገር ነበር የምናድሰው፤ አንዳችን ፈርመን ለሌላዋ እንልክላታለን፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን ከአከራዮቹ ኢሜይል ሲመጣ “ቆይ፣ ከፔሩ ስንመለስ እናየዋለን” አለችኝ። ምን የሚታይ ነገር አለ? ለማንም አልተናገርኩም እንጂ መልሱ ይታወቀኝ ነበር። ወሎዬዋ አፕል ቫሊ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ስለዚህ ወደ ኩስኮ የምሄደው ግንብ ለማየት ብቻ አልነበረም። እዚያ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን፣ እንደ ድሮው ስንሆን፣ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር መኖር እንደምትፈልግ ራሷ ታስታውሳለች ብዬ ነበር።

ሰው በፍቅረኛው ሲቀና ይዘፈንለታል። በጓደኛው ለሚቀና ሰው ግን ዘፈንም የለው።

ከጓደኛዬ ጋር የተገናኘነው ስድስተኛ ክፍል ነው። ሁለታችንም በልጅነታችን ከአዲስ አበባ የመጣን፣ በአንድ ግቢ የምንኖር፣ በአንድ አውቶብስ የምንሄድ ነበርን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ እንዲህ ነበር የተከፋፈልነው። የእኛ ብቻ የሆነው ነገር ፍልሰታ ነበር። ፍልሰታ የሚውለው በሚኒሶታ የበጋ ዕረፍት መሃል፣ ነሐሴ ላይ ነው፤ የግቢው ልጆች ሁሉ መዋኛው ዳር ተሰብስበው አይስክሬም ሲልሱ እኛ ሁለታችን እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን ሐብሐብ እንበላለን። እናቶቻችን አላስገደዱንም። ማን ቀድሞ ጾሙን እንደሚፈታ ለማየት በጨዋታ ተጀመረ፤ ማንም አልፈታም፤ ከዚያ ኮሌጅም ገባን፣ ሥራም ያዝን፣ እሷም ነርስ ሆነች፣ ፍልሰታን ግን አብረን ከመጾም አልቀረንም።

ወሎዬዋ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው፤ ጓደኛዬ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ በዚያው ፎቅ ላይ፣ እሷም ነርስ ሆና። ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች፣ ትልቅ ሰው ሆና የመጣች ናት። ሙስሊም ናት፤ ሻርፗን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጋ ታስረዋለች፤ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያል። በሊፍት ውስጥ ካገኘችው ሰው ጋር እንኳ ወሬ ትጀምራለች። ከእኔ ጋር ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝኛ ያወራችው ጓደኛዬ ከእሷ ጋር በአማርኛ መቀለድ ጀመረች። “አብሽሪ” ትለኛለች አንዳንዴ፣ ከወሎዬዋ የለመደችውን “አይዞሽ” እኔ ላይ እየሞከረች።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ሳምንት ሦስታችን ምሳ ስንበላ ሐኪም ጋ ሄጄ የከፍታ ሕመም መከላከያ ኪኒን እንዳጻፍኩ ነገርኳቸው። እነሱም ማጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ብዬ ነበር።

“ለምኑ?” አለች ወሎዬዋ ማንኪያዋን አቁማ።

“ኩስኮ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው። ኦክስጅን...”

“ኧረ በአላህ! አዲስ አበባ ተወልዶ የከፍታ መድኃኒት?” ሳቀች። “ደገኛ እኮ ነሽ አንቺ! ለፈረንጅ ነው እሱ።”

“እሷ እኮ ጃንጥላ ይዛ ነው ጸሐይ የምትወጣው” አለች ጓደኛዬ፣ በፍቅር ነው የተናገረችው፤ ሁለቱ ተሳሳቁ። ሁለት ነርሶች ናቸው፤ አንዳቸውም “ውሰጂ” አላሉኝም። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በሜዳማው ሚኒሶታ የኖረ ሰው የደጋ ልጅ መሆኑን ሳንባው እንደሚረሳው ያሰበ የለም። እኔ አስቤበት ነበር። ኪኒኑን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ መልሼ አወጣሁትና መታጠቢያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። ወሎዬዋ ሳትውጥ እኔ ስውጥ መታየት አልፈለግኩም።

ኩስኮ የደረስነው በጠዋት ነው፤ ፍልሰታ ከገባ በሦስተኛው ቀን። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጸሐዩ የሚያቃጥል ነበር። የማረፊያው ባለቤት፣ ሁለት ጉንጉን ጸጉሯን ከኋላ አንድ ላይ ያሰረች ወፍራም ሴት፣ በሩ ላይ በትሪ ሦስት ስኒ የኮካ ቅጠል ሻይ ይዛ ተቀበለችን። ለከፍታው ነው፣ ሁሉም እንግዳ ይጠጣል አለች። ወሎዬዋ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ፉት አለችው። ጓደኛዬም ጠጣች።

እኔ በስፓኒሽ፣ በመኪና ውስጥ በተማርኩት ስፓኒሽ፣ አመሰገንኩና አልጠጣም አልኩ።

“ጠጪ እንጂ!” አለች ጓደኛዬ።

“ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።”

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሚኒሶታ ስንሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን አናውቅም፤ የፈረቃ ሥራ ስለሚከብድ ሥጋና ወተት መተው ብቻ ነበር የእኛ ጾም። “ከመቼ ጀምሮ?” አለችኝ።

“ዘንድሮ አስቤ ነው” አልኩ።

ዘንድሮ ያሰብኩት ወሎዬዋ ልትካፈለው የማትችል ነገር ያ ብቻ ስለ ነበር ነው። ጓደኛዬ ስኒዋን እንደ ያዘች ቀረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው። በጣም ደስ አለኝ።

ከሰዓት በፊት ከተማውን ዞርን። መንገዶቹ ጎን ለጎን ከሁለት ሰው በላይ አያሳልፉም፤ ስለዚህ ሁለት ፊት፣ አንድ ኋላ እየሆንን ነው የሄድነው፤ ኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከታች የጥንቶቹ የኢንካ ሰዎች ግንብ፣ ከላይ ስፔኖች የሠሩት ነጭ ቤትና የእንጨት ሰገነት፤ አንዱ ሥልጣኔ ሌላው ትከሻ ላይ ቆሟል። ያ የተማሪነቴ ግንብ ድንገት አጠገቤ ነበር። ቆሜ መዳፌን አሳረፍኩበት። በጸሐይ ሞቋል። ለጓደኛዬ ምን እንደምላት ቃል እየመረጥኩ ሳለ ወሎዬዋ ተመልሳ መጣችና ጉንጯን ግንቡ ላይ ለጠፈች።

“ኑ ንኩት! ሞቋል እኮ! እንደ ሰው ነው የሚሞቀው!”

ጓደኛዬ ሮጣ መጥታ እሷም ጉንጯን ለጠፈች። እንደዚያ ሆነው ፎቶግራፍ አነሳኋቸው።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነበር። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ የሚመጣውን ሽታ፣ የባሕር ዛፉን ሽታ፣ ቀድሜ ያሸተትኩት እኔ ነኝ፤ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ አሽትቼዋለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም። ከሰዓት ላይ ወሎዬዋ አደባባዩ መሃል ቆማ “ባሕር ዛፍ! እንዴ፣ እዚህም ደረሰ እንዴ ይሄ ዛፍ!” ብላ ስትጮህ ጓደኛዬ “አንቺ እኮ ምንም አያመልጥሽም” አለቻት። እኔ ውሃ ጠምቶኝ፣ ራሴን የሆነ ነገር ቀስ እያለ እየጨመቀኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግብ ቀረበ፤ አንድ ጉርሻ አልተዋጠልኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ማስመለሴን፣ ራሴ ለሁለት የሚሰነጠቅ መምሰሉን፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ መደረጉን፣ ሁለት ነርሶች አልጋዬ ግራና ቀኝ ሆነው በእንግሊዝኛ መጨቃጨቃቸውን አስታውሳለሁ። ሐኪም ተጠርቶ መጣ፤ ኦክስጅን ሰጠኝ፤ ውሃ ሳትጠጣ ነው ወይ የዋለችው ብሎ ጠየቀ።

“ጾማ ነው” አለች ጓደኛዬ።

“ደገኛዋ!” አለችኝ ወሎዬዋ፣ ግንባሬን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች። “እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ ምነው አፌን በሰበረው። አላህ ያሽርሽ።” እጇ ቀዝቃዛና ደስ የሚል ነበር፤ ያም አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ራሴ ቀለል ብሎኛል፤ ከአልጋ መነሳት ግን አልችልም። የዚያን ቀን መርሐ ግብር ገጠሩ ነበር፦ ክብ ክብ ሆነው ወደ ታች የሚወርዱት እርከኖች፣ ከዚያም ከተራራ ወገብ ላይ እንደ ነጭ ደረጃ የተንጠለጠሉት የጨው ገንዳዎች። አስጎብኚው ግቢው ውስጥ እየጠበቀ ነው። ጓደኛዬ ጃኬቷን ለብሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ልቅር?” አለችኝ።

“ኧረ ሂጂ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ሂጂ ስልሽ። ምን ታደርጊልኛለሽ? እተኛለሁ።”

“እሺ በቃ” ብላ ተነሳች።

አንድ ጊዜ ጠይቃ፣ ሁለተኛ ጠይቃ ተነሳች። እኛ ቤት እንግዳ እንኳ “ጠግቤያለሁ” ሲል ሦስቴ ሳይለመን ምግብ አይነሳም። “ሂጂ” ያልኳት እንድትቀር ነበር። “ሞቼ ነው የምሄደው!” እንድትል፣ ጃኬቷን ወርውራ ጫማዋን እንድታወልቅ ነበር። አብረን አድገን ይህን እንዴት አታውቅም? ወይስ ታውቃለች?

ወሎዬዋ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። “እኔ ልቅርልሽ። ጨው እንደሆነ አይቼ አውቃለሁ፣ አያቴ የአሞሌ ነጋዴ ነበሩ።”

“አይ፣ አመሰግናለሁ።”

“ኧረ ግድ የለም፣ ሾርባ እንኳ አሠራልሻለሁ።”

“አይሆንም፣ ሂጂ።”

“ወላሂ ቅር አይለኝም። ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ?”

ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። የሦስተኛውን ልመና ከተሳሳተው ሰው አገኘሁት። “እባክሽ ሂጂ” አልኳት፤ ይህን ጊዜ ግን የምሬን ነበር።

ቀኑን ሙሉ የመስኮቱን መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ያለውን የሸክላ ጣሪያ እያየሁ ዋልኩ። የማረፊያው ባለቤት ሻዩን ይዛ ስትመጣ ሰዓት ሳላይ ጠጣሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮዎች ይመጣሉ። ጓደኛዬ የጨው ገንዳ ዳር በአንድ እግሯ ቆማ ስትወዛወዝ፤ ወሎዬዋ አሞሌ በግመል እንዴት ይጫን እንደ ነበር ለአስጎብኚው በእጇ እያሳየች፣ እሱም አፉን ከፍቶ ሲሰማት፤ ከኋላ ነፋስና የጓደኛዬ ሳቅ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከእኔ ጋር ስትሆን እንደዚያ ከሳቀች ቆይታለች። ስንት ጊዜ እንደ ሆናት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ መልሼ አነሳሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ ዳንኩና ሦስታችን አብረን ገጠር ወጣን። አስጎብኚው ሸለቆው ውስጥ ወደሚገኘው የአክስቱ ቤት ምሳ ጋብዞን ነበር። ወቅቱ የእነሱ ክረምት ስለሆነ ኮረብታው ሁሉ እንደ ደረቀ ሣር ቢጫ ነው፤ ራቅ ብሎ በረዶ የለበሱ ተራሮች ይታያሉ። የጭቃ ጡብ ቤት፣ ጓሮው ውስጥ የታሰረ በግ፣ በድንጋይ አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ። አክስቱና ባሏ ጠዋት መሬት ቆፍረው፣ ድንጋይ በእሳት አግለው፣ የበግ ሥጋና ዶሮ ከድንችና ከባቄላ ጋር ቀብረዋል። በነሐሴ ለመሬት የሚሰጠውን ስለት ሰጥተው፣ ከመሬት አውጥተው ይበላሉ አለን አስጎብኚው። አፈሩ ሲገለጥ እንፋሎቱ ከነቅጠሉ ሽታ ወጣ። ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ ደርሷል።

መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ዙሪያ ተቀመጥን። ለእኔ ድንች ብቻ፣ ጾመኛ ነኝ ብዬ አስረዳሁ፤ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እነሱም ጾም ያውቃሉ። ቀና ስል ጓደኛዬ የበግ ጎድን በእጇ ይዛለች።

“እንደዛ አትዪኝ!” አለች አፏ ሞልቶ። “መንገደኛ ይፈቀድለታል።”

“ምንም አላልኩም።”

“ፊትሽ ብሏል።”

ራሷ ሳቀች፤ እኔ ወደ ድንቹ ዞርኩ። ልጆች ሆነን መዋኛው ዳር ያልፈታችው፣ በሌሊት ፈረቃ ያልፈታችው፣ እዚህ፣ ለአንድ ጎድን አጥንት! ዓይኔ ወሎዬዋን ፈለገ። በእሷ አመካኝቼ ልናደድ ነበር። ወሎዬዋ ግን ሥጋው ሃላል ስላልሆነላት እንደ እኔ ድንች እየላጠች ነው። ሳህኗን ገፍታ አጠገቤ መጣች።

“እንግዲህ ማዕዳችን አንድ ሆነ” አለችኝ። “ይሄኛውን ሐምራዊውን ቅመሺ። ዳጣ የመሰለ ነገርም አላቸው፣ እንኪ።”

ድንቹ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚሸት፣ በሕይወቴ የበላሁት ምርጡ ድንች ነበር። ጓደኛዬ ከአስጎብኚው ጋር ጓሮ ያለውን በግ ልታይ ተነስታ ሄደች።

“እኛ ሰፈር” አለች ወሎዬዋ፣ “የጎረቤታችን ልጆች ፍልሰታ ሲጾሙ እናቴ ቀን ሥጋ አትጠብስም ነበር። ‘ሽታው አጥር ይዘላል፣ ልጆቹን ያስቸግራል’ ትላለች። እኛ እናለቅሳለን፣ እሷ ወይ ፍንክች።” ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ስለ ቤቱ ግን ተቀይመሽኝ እንዳይሆን እሰጋለሁ።”

“ስለ የቱ ቤት?”

“እሷ እኔ ጋ ልግባ ስትል... እኔ እኮ አይሆንም አልኳት። እናቴ ልትመጣ ነው፣ ክፍሉ የእሷ ነው። ካንቺ ጋር እንደ ተነጋገራችሁ ነበር የነገረችኝ...” ፊቴን አየችና የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። “አልነገረችሽም! ወይኔ! ይሄን ምላስ ምን ባደርገው ይሻላል!”

“ግድ የለም” አልኩ። “አብሽሪ።”

እንደዚያ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። ያን ቀን ሁሉ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ስፈራው የነበረው ነገር ድሮ ሆኗል፣ ደግሞም ከሽፏል። ጓደኛዬ ጥላኝ ልትሄድ ፈልጋ ነበር። አልሄደችም፤ ያልሄደችው ግን ለእኔ ብላ አይደለም። በወሎዬዋ ከቀናሁት ቅናት ሁሉ በላይ በአንድ ነገር ቀናሁባት፤ ጓደኛዬ አብሬሽ ልኑር ብላ ለምናት፣ እሷ አይሆንም ማለት መቻሏ። እኔን ማንም እንደዚያ ለምኖኝ ቢያውቅ!

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ወሎዬዋ ገበያ ውስጥ ከአንዲት የሹራብ ነጋዴ ጋር ስትከራከር ትተናት፣ እኔና ጓደኛዬ ከከተማው በላይ ወዳለው ገደል ጫፍ ወጣን። እኔ ፊት ነበርኩ። ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። ከላይ ሆኖ ከተማው አንድ የሸክላ ጣሪያ ይመስላል። አደባባዩ ጋ አንድ ሰልፍ ያልፋል፤ የከበሮው ድምፅ ከምቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።

“እየውልሽ” አለች ስልኳን አውጥታ። “ይሄን ሊዝ ሪኒው እናድርገውና ይለቅ። ‘እንቀጥላለን’ ብዬ ልላክላቸው?”

በድምጿ ውስጥ ደስታ ነበረበት፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። እኔም ያንን ቃል ለመስማት ነበር ከሚኒሶታ የመጣሁት።

“እሷ አይሆንም ባትልሽ ኖሮስ?” አልኩ።

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። “ማን ነገረሽ?”

“ራሷ። የማውቅ መስሏት ነው፣ እንዳትቆጪያት።”

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ታች ያለው ከበሮ ይሰማል። “ልነግርሽ ነበር” አለች። “ግን ምን ብዬ? ካንቺ ጋር ስኖር ሁሌ ፈተና ክፍል ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ፍልሰታን እኮ ከኮሌጅ ጀምሮ የምጾመው አንቺ እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው።”

“እኔ መቼ ተናግሬሽ አውቃለሁ?”

“አትናገሪማ! እሱ ነው ችግሩ!” ድምጿ ከፍ አለ፤ አጠገባችን ያሉ ጎብኚዎች ዞር አሉ። “ደስ አይልሽም፣ ‘ደስ ይላል’ ትያለሽ። አትሂጂ ማለት ፈልገሽ ‘ሂጂ’ ትያለሽ። አውቄ ነው የሄድኩት የዛን ቀን። አንድ ጊዜ እንኳ ‘ቅሪ’ በይ ብዬ ነው! እሷ ብትሆን ትሰድበኛለች፣ እመልስላታለሁ፣ እንስቃለን፣ አለቀ። አንቺን ግን ስንት ዓመት መገመት አለብኝ?”

ልክ ናት፤ ልክነቷ ግን ቅናቴን አላበረደውም። ጭራሽ ወሎዬዋ ያላት፣ እኔ የሌለኝ ነገር ስም ወጣለት።

“አትላኪው” አልኳት።

“ምኑን?”

“ኢሜይሉን። እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።”

“ተቀየምሽኝ።”

“አዎ” አልኩ። “በጣም።”

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳላስበው የሆነ ነገር በትክክል የመለስኩ ይመስል። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ከተማው ዞረን ሰልፉ ሲያልፍ አየን።

መስከረም መጨረሻ ላይ እዚያው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለች አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጓደኛዬ ዕቃ ልታግዘኝ መጣች፤ ወሎዬዋ እናቷን ልትቀበል ኤርፖርት ስለ ሄደች አልቀላቀለችንም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ፍራሹ ከታች እሷ፣ ከላይ እኔ ይዘነው መታጠፊያው ላይ ተወተፈ።

“የእኔን ክፍል ማን ያዘው?” አልኳት፣ ፊቷን ፍራሹ ስለ ሸፈነው መጠየቅ ቀሎኝ።

“አንዲት ልጅ ናት፣ ፋርማሲ የምትማር። የፊታችን ማክሰኞ ነው የምትገባው። ጸጥ ያለች ናት፣ ትወጃታለሽ።”

ጸጥ ያለች። ጸጥ ካለች ሰው ጋር መኖር አቅቷት አልነበረም እንዴ? ያቺን ልጅ በዓይነ ልቦናዬ አየኋት፤ በእኔ መስኮት በኩል መንገዱን ስታይ፣ ጓደኛዬ ከፈረቃ ስትመለስ በሩን ስትከፍትላት።

“አልወዳትም” አልኩ።

“ምን?”

“አልወዳትም አልኩሽ። ከአሁኑ ጠልቻታለሁ።”

“ገና ሳታያት!”

“ሳላያት። ፋርማሲዋንም ጠልቻለሁ።”

ከፍራሹ ወዲያ ሳቋ መጣ፣ ያ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው። ስትስቅ እጇ ላላና ፍራሹ ወደ እሷ መንሸራተት ጀመረ። “ያዢው! ኧረ ያዢው፣ ሊጨፈልቀኝ ነው!” ትላለች ከሥር። እኔ በሁለት እጄ ጫፉን ጨብጬ ወደ ላይ ጎተትኩ።